ሐሙስ ከምሽቱ 3 ሰዓት፦ የድሮዎቹን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ያነገሣቸው ማን ነው?

በሜይ 2025 በአሜሪካ የቴሌቪዥን ዓለም ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ሆነ። የተመልካች ቁጥር የሚለካው ኒልሰን የተባለው ድርጅት ወርሃዊ ሪፖርቱን አወጣ። ሰው ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ካሳለፈው ጊዜ 44.8 በመቶው የስትሪሚንግ ሆኖ ተገኘ። ስትሪሚንግ የምንለው እንደ ኔትፍሊክስና ዩቲዩብ ያሉትን፣ በኢንተርኔት በፈለግነው ሰዓት የምናያቸውን አገልግሎቶች ነው። በአየር የሚሰራጩት ነባር ጣቢያዎች 20.1 በመቶ፣ የኬብል ጣቢያዎች ደግሞ 24.1 በመቶ ያዙ። ሁለቱ ተደምረው 44.2 ናቸው። ስትሪሚንግ ብቻውን ሁለቱን ሲበልጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

እንዲህ ያለ ዜና በወጣ ቁጥር አንድ የቆየ ክርክር ይቀሰቀሳል። አንዳንዱ «የድሮ ፕሮግራሞች ምርጥ ስለነበሩ ነው ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ያያቸው» ይላል። ሌላው «ኧረ ምርጫ ስላልነበረ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የተወሰነ እውነት አላቸው። ግን ሁለቱም አንድ ሰው ይረሳሉ። በፕሮግራሙና በተመልካቹ መሀል፣ የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን ቀጥሎ እንደሚወጣ የሚወስን ሰው ነበር። ዛሬ «ክላሲክ» የምንላቸው ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የዚያ ሰው ውሳኔ ያሳደጋቸው ናቸው። ተስፋ የነበራቸው ሌሎች ደግሞ በዚያው ሰው ውሳኔ ሞተዋል።

ወደ ጉዳዩ ከመግባታችን በፊት ስለ አቆጣጠሩ። ሌላ ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱ ግን በእኛ ነው። አሜሪካኖቹ የምሽት 8 ሰዓት የሚሉትን እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት እንለዋለን።

ፕራይም ታይም ሲባል

ፕራይም ታይም በቀኑ ውስጥ ብዙ ሰው ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጥበት ሰዓት ነው። ሰው ከሥራ ገብቷል። እራት ተበልቷል። ልጆች ገና አልተኙም። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ይህ ሰዓት ከምሽቱ 2 እስከ 5 ነው፤ እሑድ ግን ከ1 ሰዓት ይጀምራል። በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል አንድ ሰዓት ይቀድማል። ማስታወቂያ በዚህ ሰዓት ውድ ስለሆነ ጣቢያዎች ትልቁን ገንዘባቸውን የሚያፈሱት እዚህ ላይ ነው።

ኔትወርክ የሚለው ቃልም ብዙ ጊዜ ያደናግራል። ኔትወርክ አንድ ጣቢያ ማለት አይደለም። አንድ ኩባንያ ፕሮግራም ያሠራል ወይም ይገዛል። በየከተማው ያሉና ከእሱ ጋር የተዋዋሉ ጣቢያዎች ደግሞ ተቀብለው በአንድ ጊዜ ያሰራጩታል። በአሜሪካ ዋናዎቹ ሲቢኤስ፣ ኤንቢሲ እና ኤቢሲ ነበሩ። ዱሞንት የሚባል አራተኛ ነበር፤ እሱም በ1956 ተዘጋ። ፎክስ በ1986 ብቅ እስኪል ድረስ፣ ለ30 ዓመት ያህል፣ የአገሩ ምሽት በሦስት ኩባንያዎች እጅ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ግን ኔትወርኮቹም ሙሉ ሥልጣን አልነበራቸውም። በ1950ዎቹ የምሽት ሰዓት እንደ ቤት የሚከራይ ነገር ነበር። ስፖንሰሩ፣ ማለትም የፕሮግራሙን ወጪ የሚሸፍነው ኩባንያ፣ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ይይዛል። ፕሮግራሙንም እሱ ያመጣል። «አይ ላቭ ሉሲ» የተሰኘው አስቂኝ ተከታታይ በ1951 በሲቢኤስ ሲጀምር ከጀርባው የነበረው ፊሊፕ ሞሪስ የተባለው የሲጋራ ኩባንያ ነው።

ይህን አሠራር የለወጠው አንድ ቅሌት ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ተወዳጅ በነበሩ የጥያቄና መልስ ውድድሮች ላይ ለአንዳንድ ተወዳዳሪዎች መልሱ አስቀድሞ ይነገራቸው እንደነበር ተጋለጠ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ኔትወርኮቹም «ከእንግዲህ የምሽቱን ፕሮግራም የምንቆጣጠረው እኛ ነን» አሉ። አስተዋዋቂዎችም ሙሉ ፕሮግራም መያዛቸውን እየተዉ በፕሮግራሙ መሀል ደቂቃ መግዛት ለመዱ። ከዚያ በኋላ ነው ከ2 እስከ 5 ያለውን ምሽት በሙሉ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ እንደ ቼዝ ሊጫወትበት የቻለው።

ከሶፋ የመነሳት ጉዳይ

ያ ሰው ይጫወት የነበረው በተመልካቹ ልማድ ላይ ነው። ሽቦ አልባ ሪሞት ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለገበያ ቀርቧል። ግን ውድ ነበርና ለብዙ ዓመታት የጥቂት ቤቶች ዕቃ ሆኖ ቆየ። በቀረው ቤት ቻናል ለመቀየር ከሶፋ ተነስቶ፣ ቴሌቪዥኑ ድረስ ሄዶ፣ ማዞሪያውን ቀጭ ቀጭ ማድረግ ያስፈልጋል። ደክሞት የገባ ሰው ይህን በየግማሽ ሰዓቱ አያደርገውም።

የኤንቢሲ የተመልካች ጥናት ኃላፊ የነበሩት ፖል ክላይን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ይህን በግልጽ አስቀመጡት። እሳቸው እንዳሉት ሰው ፕሮግራም መርጦ አይደለም የሚቀመጠው። መጀመሪያ ቴሌቪዥን ሊያይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ካሉት ውስጥ እምብዛም የማያስከፋውን ይይዛል። ስለዚህ ጣቢያው ሁሉንም ማስደሰት አይጠበቅበትም። ሰውን ከሶፋ የሚያስነሳ ነገር አለማሳየት ይበቃዋል።

ይህ አባባል ለፈጠራ ሰዎች የሚያሳዝን ነው። በቁጥር ዓይን ሲታይ ግን ያስኬድ ነበር። ሦስት ኔትወርክ ባለበት አገር፣ ተመልካቹ እኩል ቢከፋፈል እንኳ እያንዳንዱ ሲሶውን ያገኛል። ስለዚህ ጥያቄው «ተመልካች ከየት ይመጣል?» አልነበረም። «የመጣውን እንዴት ይዘን እናቆየው?» የሚል ነበር።

ሬቲንግ እና ሼር

እዚህ ላይ ሁለት ቃላት መለየት አለባቸው። 100 ቤት ያለበት ሰፈር እናስብ። ሁሉም ቴሌቪዥን አላቸው። አንድ ማታ 60ዎቹ ቤቶች ቴሌቪዥን ከፍተዋል። ከነሱም 20ዎቹ አንድ ፕሮግራም እያዩ ነው። የፕሮግራሙ ሬቲንግ 20 ነው፤ ቴሌቪዥን ካላቸው ቤቶች ሁሉ የተሰላ ነውና። ሼሩ ግን 33 ነው፤ በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥን ከከፈቱት ውስጥ የተሰላ ነውና። የማስታወቂያ ገበያው በዋናነት የሚያየው ሬቲንጉን ነው። ሰሌዳ አውጪው፣ ማለትም የትኛው ፕሮግራም መቼ እንደሚወጣ የሚወስነው ያ ሰው፣ ደግሞ ሼሩን አተኩሮ ይመለከታል። በዚያ ሰዓት ከባላንጣዎቹ ጋር ሲተያይ የቱ ጋ እንደቆመ የሚነግረው ሼሩ ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሌላ ጥያቄ ተጨመረ። «ስንት ሰው አየው?» ብቻ ሳይሆን «ማን አየው?» ተባለ። አስተዋዋቂዎች ወጣቱንና ከተሜውን ይፈልጉ ጀመር። ሲቢኤስ በ1970 እና 1971 የገጠር ሕይወት የሚያሳዩ ፕሮግራሞቹን በጅምላ ሰረዘ። «ሜይቤሪ አር ኤፍ ዲ» የተባለው ሲሰረዝ በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ 20 ፕሮግራሞች አንዱ ነበር። የሚያየው ሰው ሞልቷል። ግን ተመልካቹ ዕድሜው የገፋና የገጠር ሰው ነው ተብሎ ቀረ። ስለዚህ «የተወደደ ፕሮግራም አይሰረዝም ነበር» የሚለው የትዝታ ወሬ ትክክል አይደለም።

ጎረቤትህ ማን ነው?

የሰሌዳ ሥራ ዋና ምስጢር ጎረቤት ነው። ከፕሮግራሙ በፊት ምን ይታያል? ከኋላውስ? ባለሙያዎቹ ለዚህ የራሳቸው ቃላት ነበሯቸው። ሊድ-ኢን የሚባለው ከአንድ ፕሮግራም አስቀድሞ የሚታየውና ተመልካቹን ለተከታዩ የሚያስረክበው ነው። ሃሞክ ቃሉ በሁለት ዛፎች መሀል የሚወጠር የጨርቅ አልጋ ነው። ደካማውን ወይም አዲሱን ፕሮግራም በሁለት ጠንካሮች መሀል ማንጠልጠል ማለት ነው። የድንኳን ምሰሶ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። አንድ ጠንካራ ፕሮግራም መሀል ላይ ይቆምና ግራና ቀኙን ያነሳል።

ለሃሞክ «ማሽ» ከተባለው ተከታታይ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ታሪኩ የእኛም ቃኘው ሻለቃ በዘመተበት በኮሪያ ጦርነት፣ በአንድ የአሜሪካ ጦር የመስክ ሆስፒታል ውስጥ ያሉ ሐኪሞች ሕይወት ነው። በሴፕቴምበር 1972 በሲቢኤስ እሑድ ማታ ጀመረ። የመጀመሪያ ዓመቱ ደካማ ነበር። ተመልካች አጣ። ሲቢኤስ ግን አልሰረዘውም። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ቅዳሜ ከምሽቱ 2:30 አዛወረው። ከፊቱ በ2 ሰዓት በአገሪቱ አንደኛ የነበረው «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» አለ። ከኋላው በ3 ሰዓት የሜሪ ታይለር ሙር ፕሮግራም አለ። «ማሽ» በአንድ ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ አሥሮች ተርታ ገባ።

ተዋናዮቹ ያው ናቸው። ሆስፒታሉም ያው ነው። በአንድ ክረምት የተለወጠው ትልቁ ነገር ጎረቤቱ ነው። ያ ፕሮግራም በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1983 ሲሰናበት የመጨረሻ ክፍሉን 105.9 ሚሊዮን ሰው አየው። እሑድ ላይ እንዳለ ተሰርዞ ቢሆን ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

«ማሽ» የተዛወረበት የ1973–74 የቅዳሜ ሰሌዳ ሙሉው ሲታይ ያስደንቃል። ከ«ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ»፣ ከ«ማሽ» እና ከሜሪ ታይለር ሙር ቀጥሎ በ3:30 የቦብ ኒውሃርት ፕሮግራም፣ በ4 ሰዓት የካሮል በርኔት ፕሮግራም ይመጣ ነበር። ዛሬ ቅዳሜ ማታ በኔትወርኮቹ ዘንድ የድጋሚ ፕሮግራምና የስፖርት ቀን ነው። ያኔ ግን ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያሳልፈው ምሽት ነበር።

አሁን ወደ ሐሙስ እንምጣ። «ቺርስ» የተባለው ሲትኮም ቦስተን ውስጥ በአንድ መጠጥ ቤት የሚውሉ ሰዎችን የሚያሳይ ነው። ሲትኮም ማለት ያው ገጸ ባሕርያት በየሳምንቱ በአንድ ቦታ አዲስ አስቂኝ ሁኔታ ውስጥ የሚገቡበት የግማሽ ሰዓት ፕሮግራም ነው። «ቺርስ» በሴፕቴምበር 30 ቀን 1982 ኤንቢሲ ላይ ሲጀምር የተመልካች ሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ነበር። ኤንቢሲ በወቅቱ ከሦስቱ የመጨረሻው ስለነበር በቦታው የሚተካ የተሻለ ነገር አልነበረውም። ኃላፊዎቹም ፕሮግራሙን ይወዱት ነበር። ስለዚህ ቆየ።

በሴፕቴምበር 20 ቀን 1984 «ዘ ኮስቢ ሾው» በዚያው ኔትወርክ ሐሙስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ጀመረ። ሕዝቡ ጎረፈ። የዚያን ዓመት ሐሙስ ከላይ ወደ ታች እንዲህ ይነበባል፦ 2:00 ኮስቢ፣ 2:30 «ፋሚሊ ታይስ»፣ 3:00 «ቺርስ»፣ 3:30 «ናይት ኮርት»፣ 4:00 «ሂል ስትሪት ብሉስ»። ቅደም ተከተሉ በጥሞና የታሰበበት ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ቤተሰብ ከነልጆቹ ይቀመጣል። በ3 ሰዓት ልጆች ወደ መኝታ ሲሄዱ የአዋቂዎቹ ቀልድ ይጀምራል። በ4 ሰዓት ጠንከር ያለው የፖሊስ ድራማ ይመጣል። ተመልካቹ ከአንዱ ወደ አንዱ በእጁ ተይዞ ይሄዳል።

«ቺርስ» በ1990–91 የአገሪቱ አንደኛ ሆነ። ከዚያ ደግሞ ውለታውን ለሌላ መለሰ። «ሳይንፌልድ» ረቡዕ ማታ ኤቢሲ ላይ ካለው «ሆም ኢምፕሩቭመንት» ጋር ተጋጥሞ ሲቸገር፣ በ1993 መጀመሪያ ወደ ሐሙስ 3:30፣ ልክ «ቺርስ» ሥር ተዛወረ። «ቺርስ» በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ሲያበቃ ሐሙስ 3 ሰዓትን የወረሰው «ሳይንፌልድ» ነው። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ሐሙስ 2:30 ላይ አንድ አዲስ ፕሮግራም ተቀመጠ። ስሙ «ፍሬንድስ» ይባላል። በአንድ ምሽት ላይ፣ አንዱ ሌላውን እያሳደገ የሄደ የዘር ሐረግ ነው።

ለምን ሐሙስ? ገንዘቡ ስላለ ነው። አዳዲስ ፊልሞች ሲኒማ የሚገቡት ዓርብ ነው። ሰው ገበያ የሚወጣው፣ መኪናም የሚያየው ቅዳሜና እሑድ ነው። ስለዚህ ተመልካቹን ከዋዜማው፣ ሐሙስ ማታ ላይ መያዝ የሚፈልግ አስተዋዋቂ ብዙ ነበር።

ሰዓት ሲገድል

የሰዓት ኃይል በሌላው በኩልም ይታያል። «ስታር ትሬክ» በሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 በኤንቢሲ ሐሙስ ማታ ጀመረ። በሁለተኛው ዓመት ወደ ዓርብ ተዛወረ። ሊሰረዝ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ አድናቂዎቹ የደብዳቤ ዘመቻ ከፈቱ፤ ኤንቢሲም በማርች 1968 ፕሮግራሙ እንደሚቀጥል በአየር ላይ አስታወቀ። አድናቂዎቹ ያሸነፉ መሰላቸው።

ለሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ የታሰበለት ሰኞ ማታ ነበር። በመጨረሻ የተሰጠው ግን ዓርብ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። የፕሮግራሙ ተመልካች ማን ነበር? ተማሪ፣ ወጣት፣ ገና ልጅ የሆነ። ዓርብ ማታ ታላላቆቹ ከቤት ይወጣሉ፤ ትንንሾቹ በ4 ሰዓት ተኝተዋል። ፕሮግራሙ የራሱ ሰዎች ቤት በማይገኙበት ሰዓት ተቀመጠ ማለት ነው። ፈጣሪው ጂን ሮደንቤሪም ከዕለት ተዕለት ዝግጅቱ ራሳቸውን አራቁ። በ1969 በ79 ክፍሎች አበቃ።

ከዚያ የሆነው ነገር ለክርክራችን ትልቅ ማስረጃ ነው። እነዚያው 79 ክፍሎች በሲንዲኬሽን ተሸጡ። ሲንዲኬሽን ማለት ኔትወርክ አሳይቶ የጨረሰውን ፕሮግራም የየከተማው ጣቢያ ገዝቶ ራሱ በፈለገው ሰዓት የሚያሳይበት አሠራር ነው። ጣቢያዎቹ በብዛት አመሻሽ ላይ፣ ወጣቱ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ቤት ባለበት ሰዓት አሳዩት። በ1970ዎቹ ሕዝቡ ያበደለት «ስታር ትሬክ» ይህ ነው። ፊልሙ አልተለወጠም፤ ሰዓቱ ነው የተለወጠው።

ሁሉም ውድቀት ግን በሰዓት አይመካኝም። «ቦናንዛ» የካውቦይ ድራማ ነው። በ1959 ቅዳሜ ማታ ጀመረ፤ በ1961 ወደ እሑድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተዛውሮ ገነነ። ከ1964 እስከ 1967 ሦስት ዓመት በተከታታይ የአገሪቱ አንደኛ ነበር። በ1972 ወደ ማክሰኞ ተዛወረ፤ በጃንዩዋሪ 1973 አበቃ። «ማክሰኞ ገደለው» ማለት ይቀናል። ግን ቀደም ብሎ፣ በሜይ 1972፣ ከዋና ተዋናዮቹ አንዱ ዳን ብሎከር ሞቶ ነበር። ፕሮግራሙም 14ኛ ዓመቱ ነበር። ከሦስቱ ምክንያቶች የትኛው እንደከበደ ለይቶ መናገር አይቻልም።

መንግሥት እጁን ሲያስገባ

ሰሌዳውን የኔትወርክ ሰዎች ብቻ አልነበሩም የሚሠሩት። የአሜሪካ የመገናኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ1970 አንድ ደንብ አወጣ። ኔትወርኮች በትልልቅ ከተሞች፣ ያኔ ከ1 እስከ 5 ይቆጠር ከነበረው ፕራይም ታይም፣ በአንድ ምሽት በድምሩ ከሦስት ሰዓት በላይ እንዳይዙ አገደ። የታሰበው የየከተማው ጣቢያ የራሱን ፕሮግራም ሠርቶ እንዲያሳይ ነበር። በተግባር ግን ከ2 ሰዓት በፊት ለጣቢያዎቹ የተለቀቀው ጊዜ በአመዛኙ ርካሽ በሆኑ የጨዋታ ፕሮግራሞች ተሞላ። ደንቡ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ቆይቶ ተሻረ። ምሽቱ ከ2 ሰዓት የሚጀምረው የሚለው ልማድ ግን እስካሁን አለ።

ይህ ደንብ አንድ ያልታሰበ ፍሬ አፈራ። እሑድ ከ1 እስከ 2 ያለው ሰዓት ለልጆች ወይም ለሕዝብ ጉዳይ ፕሮግራም ከሆነ ይፈቀድ ነበር። «ሲክስቲ ሚኒትስ» የተባለው የምርመራ ዜና ፕሮግራም ከ1968 ጀምሮ ከቀን ቀን ሲንከራተት ቆይቶ በ1975 መጨረሻ እዚያ ተቀመጠ። በመኸር ወራት ከፊቱ የአሜሪካ እግር ኳስ አለ። ጨዋታው ሲያልቅ ሰው ከሶፋው ሳይነሳ ዜናው ይጀምራል። በ1979–80 ይህ የዜና ፕሮግራም ከድራማና ከቀልድ በልጦ የአገሪቱ አንደኛ ሆነ።

በ1975 ደግሞ «የቤተሰብ ሰዓት» መጣ። ከ2 እስከ 3 ያለው ሰዓት ለልጆች ተስማሚ ይሁን ተባለ። «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» ቃላቱ ጠንካራ ናቸው ተብሎ ከቅዳሜ 2 ሰዓት ወደ ሰኞ 3 ሰዓት ተነሳ። ደራሲዎች ከሰሱ። በ1976 ፍርድ ቤቱ መንግሥት በጫና ያመጣው አሠራር ስለሆነ ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ይጥሳል ሲል ወሰነ። ፕሮግራሙ ግን ወደ ቀድሞ ቦታው አልተመለሰም።

ኮጃክ ወይስ ኮሎምቦ?

የዚህ ሁሉ መሠረት ተመልካቹ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ማየት አለመቻሉ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ እሑድ ማታ ይህ ችግር ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። «ኮጃክ» ሲቢኤስ ላይ፣ «ኮሎምቦ» ኤንቢሲ ላይ። ሁለቱም የመርማሪ ድራማ ናቸው። ሁለቱንም የሠራው ዩኒቨርሳል የተባለው ስቱዲዮ ነው። ሶኒ ቤታማክስ የተባለውን የቪዲዮ መቅጃ ይዞ ሲመጣ ያስተዋወቀው በዚሁ ነው። አንዱን እያያችሁ ሌላውን ቅዱ፤ ከእንግዲህ አንዱ ሌላውን አያስቀርባችሁም የሚል መልእክት ነበረው።

ዩኒቨርሳል በ1976 ሶኒን ከሰሰ። ክርክሩ ከሰባት ዓመት በላይ ፈጀ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጃንዩዋሪ 1984፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ አንድ ሰው ፕሮግራምን በኋላ ለማየት ቤቱ ቢቀዳ ሕግ አልጣሰም ሲል ፈረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሌዳው ትእዛዝ መሆኑ ቀረ። ሐሳብ ሆነ። «ዘ ኮስቢ ሾው» የጀመረው በዚያው ዓመት መሆኑ ግን ልብ ሊባል ይገባል። ቴክኖሎጂው በር ቢከፍትም የሰው ልማድ ወዲያው አልወጣም። የሐሙስ ሰሌዳ ከዚያ በኋላም ከአሥር ዓመት በላይ ነግሦ ቆይቷል።

ፎክስ በ1990 «ዘ ሲምፕሰንስ»ን ሐሙስ 2 ሰዓት ላይ፣ በቀጥታ ኮስቢ ፊት ለፊት ሲያሰልፍ ይህ ታየ። ሰሌዳ አውጪዎች ይህን ካውንተር ፕሮግራሚንግ ይሉታል። ተቃራኒው ከያዘው የተለየ ተመልካች ይዞ መግጠም ማለት ነው። በኮስቢ የሚስቀው መላው ቤተሰብ ነው፤ ፎክስ ወጣቱን ለይቶ ጠራው። በኦክቶበር በአዲስ ክፍሎች ሲገጥሙ በሬቲንግ እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ገና አራት ዓመቱ የሆነ ኔትወርክ የአገሪቱን አንደኛ ፕሮግራም ያስጨነቀው ሰዓቱን በመምረጥ ጭምር ነው።

ታዲያ ማን ልክ ነው?

«ጥራቱ ነው» የሚሉት ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ጥሩ ጎረቤት ተሰጥቶት የወደቀ ፕሮግራም ብዙ ነው። ኮስቢንና «ቺርስ»ን የመሰሉ ምሰሶዎች መሀል ገብተው የጠፉ ሲትኮሞች ነበሩ። ስማቸውን የሚያስታውስ የለም። ትዝታችን የሚያታልለንም እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ዘመን እኛ ዘንድ የደረሱት ምርጦቹ ናቸው። በዚያው ሰዓት ታይተው የተረሱትን አንቆጥራቸውም።

«ምርጫ ስላልነበረ ነው» የሚሉትም አይሳሳቱም። ለእኛ ይህን መረዳት ቀላል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌቪዥን የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ1957 ነው፤ ከዚያም ለአሥርት ዓመታት አገሩ በአንድ ጣቢያ ኖረ። ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ነገር ማየቱ እውነት ነው። ግን እዚያ የሰሌዳ ጦርነት አልነበረም፤ ተፎካካሪ የለማ። የአሜሪካው ታሪክ የሚለየው ሦስት ምርጫ መኖሩ ነው። ሦስት ምርጫ ለተመልካቹ ጥቂት ነው። ለሰሌዳ አውጪው ግን ቀንና ሌሊት የሚያስጨንቅ ነው።

እኔ የማደላው ወደ ሦስተኛው መልስ ነው። ሰዓት መጥፎውን ጥሩ አላደረገም። ጥሩው ግን እስኪታወቅ ድረስ ጊዜ ገዛለት። «ማሽ» እና «ቺርስ» በመጀመሪያ ዓመታቸው ተመልካች አልነበራቸውም። ሌላ ሰው ቤት የመጣ እንግዳ ነው ቀስ በቀስ የነሱ ቤተኛ የሆነው። ይህ ለጀማሪ ሥራ የተሰጠ ትልቅ ስጦታ ነበር፤ ዛሬ መጥፋቱም ሊቆጨን ይገባል።

ዛሬ ሰሌዳውን የሚያወጣው

ስትሪሚንግ ሰሌዳን አጠፋው ይባላል። ይህ በከፊል ብቻ ነው እውነት የሚሆነው። ኔትፍሊክስ በ2013 የመጀመሪያ ትልልቅ ተከታታዮቹን ሁሉንም ክፍል በአንድ ቀን ለቀቀ። ዲዝኒ ፕላስ ግን በ2019 ሲጀምር ዋናውን ድራማውን በየሳምንቱ አንድ ክፍል እያለ አወጣ። ኔትፍሊክስ ራሱ በ2024 የገና ዕለት ሁለት የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታዎችን በቀጥታ አስተላለፈ። የቀጥታ ስፖርት ሰዓት አለው፤ ሰዓት ያለው ነገር ደግሞ ማስታወቂያ ይሸጣል።

ሊድ-ኢንም አልሞተም። አንድ ክፍል ሲያልቅ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ቀጣዩ በራሱ ይጀምራል። ተመልካቹ ለማቆም ነው አሁን እጁን የሚያንቀሳቅሰው። የክላይን ሐሳብ ሪሞት በእጅ ባለበት ዘመንም እየሠራ ነው።

«ሱትስ» የተባለው የጠበቆች ድራማ በኬብል ቴሌቪዥን ከ2011 እስከ 2019 ታይቶ ያበቃ ነው። በ2023 ኔትፍሊክስ ላይ ሲገባ በአሜሪካ በዓመቱ 57.7 ቢሊዮን ደቂቃ ታየ። ምንም ሰዓት አልተመደበለትም። የተመደበለት የመስኮቱ የፊት ገጽ ላይ ያለ ቦታ ነው። ለዛሬ ፕሮግራም ያ ቦታ የድሮው ሐሙስ 3 ሰዓት ነው።

አንድ ልዩነት ግን አለ። የድሮው ሰሌዳ በየሳምንቱ በመጽሔትና በጋዜጣ ይታተም ነበር። የ«ስታር ትሬክ» አድናቂዎች ፕሮግራማቸው ዓርብ 4 ሰዓት ላይ እንደተጣለ አይተዋል፤ ለማን መጻፍ እንዳለባቸውም ያውቁ ነበር። ዛሬ በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤቶች አንድ ዓይነት አገልግሎት ሲከፍቱ የሚመጣላቸው የፊት ገጽ የተለያየ ነው። አዲስ ፕሮግራም ከአንደኛው ገጽ ላይ ወርዶ ወደ ታች ቢገፋ፣ ጎረቤቱ አያውቅም። የፕሮግራሙ ሠሪዎችም ብዙ ጊዜ የሚሰሙት የሚቀጥለው ዓመት ውል ሳይታደስ ሲቀር ነው።